«ጠላ እንኳ አልቀምስም፤ ጉበቴ ለምን ሰባ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ43 ዓመት ሴት ነኝ። ትውልዴ ጣና ዳር ዘጌ ነው፤ አሁን ባሕር ዳር ልብስ እሸጣለሁ። የሐሞት ጠጠር ይሆናል ተብሎ አልትራሳውንድ ስታይ «ጉበትሽ ላይ ስብ አለ፣ ሁለተኛ ደረጃ» አሉኝ። ቁመቴ 1.62፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። ሳልበላ የተለካው ስኳሬ 116 ሆኗል። ጠላ እንኳ አልቀምስም፣ አጽዋማቱንም አላጓድልም። እናቴ «የወፍ በሽታ ነው» ብላ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ካልሄድሽ እያለች ነው። ኪኒን የለውም ወይ?

መልስ፦ ለእናትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝና የወፍ በሽታ እንዳልሆነ ይንገሩልኝ። የወፍ ሲሆን ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል። መድኃኒት አዋቂውን ግን ይተዉት። ለጉበት የተባለ ቅጠልና ሥር ለመጠጣት በእግራቸው ሄደው፣ እኔ ዘንድ በቃሬዛ የመጡ ሰዎች አክሜያለሁ።

መጠጥ ጉበትን ከሚያሰቡት ነገሮች አንዱ ብቻ ነው። ሰውነት ከሚፈልገው በላይ የገባውን ስኳርና ዱቄት ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። ቦርጭ ሲመጣ ደግሞ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን ለኢንሱሊን እንደ ቀድሞው አይታዘዝም፤ ስቡ ጉበት ላይ ይከማቻል። ስኳርዎ 116 መሆኑ የዚሁ ምልክት ነው። 126 ደርሶ በድጋሚ ምርመራም ቢጸና ኖሮ የስኳር በሽታ እንለው ነበር።

ጾሙን ላንሣ። ጾም በራሱ ያከሳል የሚል እምነት አለን። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚቀርበውን ማዕድ ግን ይዩት፦ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ሳምቡሳ። ቅቤው ቀረ እንጂ ቅባቱ አልቀረም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ግማሽ ሰዓት በእግር ሄደው የሚያቃጥሉት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስቱ ማንቆርቆር ይቅርና በማንኪያ ይለኩ። እንጀራውም የፎገራ ሩዝ ሲበዛበት ይነጣል፣ ያምራል፣ ስኳርን ግን ቶሎ ከፍ ያደርጋል። ጤፉን ያብዙ እንዳልልዎት ዋጋውን አውቃለሁ፤ እንግዲያውስ እንጀራውን ቀንሰው ጎመኑንና ምስሩን ያብዙ። በፍስክ ቀን ቆሮሶ ሲያምርዎት በዘይት ከሚጠበስ በወጥ ወይም በከሰል ይሁን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ ትቻለሁ።

ቡና አብቃዩን የዘጌን ሰው ቡና ይተዉ ብዬ የምደፍር አይደለሁም። እንዲያውም በቀን ሁለት ሦስት ሲኒ የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ላይ ጠባሳ አነስ ብሎ ይታያል። ጉዱ ስኳሩ ላይ ነው። እስቲ እንቁጠር፦ ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ማታም እንዲሁ። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ብንል 12 ማንኪያ ይሆናል፣ ወደ 48 ግራም። ሱቅ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከተከተለች 30 ግራም ገደማ ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ቢቻል በቀን ከ25 ግራም አይለፍ ይላል። እናቶቻችን ቡናን በጨው ይጠጡት ነበር፤ ወደዚያ ይመለሱ አልልም፣ ደም ግፊት ሌላ ጣጣ ነው። ለሁለት ሳምንት ያለ ስኳር ይታገሡ፣ ምላስ ይለምዳል። ለስላሳዋን ግን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉ።

ኪኒኑን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ጉበታቸው ላይ ጠባሳ መታየት ለጀመረ ሕሙማን አንድ መድኃኒት ፈቅዳለች። እሱም የሚሰጠው ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር ነው። የእርስዎ መድኃኒት ክብደት መቀነስ ነው። ከ84 ኪሎ 4 ኪሎ ሲወርድ ስቡ መቀነስ ይጀምራል፤ 6 ኪሎ ሲደርስ የጉበቱ ብግነት (መቆጣት) ይበርዳል፤ ከ8 ኪሎ በላይ ከሆነ ጠባሳ ቢኖር እንኳ ሊሻሻል ይችላል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል። በጥድፊያ መክሳት የሐሞት ጠጠር ያመጣል፣ ጉበቱንም ያስቆጣል።

ባጃጅ ሳይበዛ ይህ ከተማ በብስክሌት ነበር የሚሄደው። በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ላብ ጠብ እስኪል ይራመዱ፦ በሐይቁ ዳር፣ ወይም የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ባለው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ። ኪሎው ባይወርድ እንኳ መራመዱ ብቻውን የጉበትን ስብ ይቀንሳል።

ዘጌ ማለትዎን ሳነብ ሌላም ነገር አሰብኩ። ልጅ ሆነው ጣና ውስጥ ዋኝተዋል፣ ውኃም ቀድተዋል ብዬ እገምታለሁ። በሐይቁ ዙሪያ ከውኃ የሚይዝ ጥገኛ ትል፣ ቢልሃርዝያ አለ፤ እሱም ጉበትን ይጎዳል። ስለዚህ የሰገራ ምርመራ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ የጉበት ኢንዛይሞችና የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ የደም ሕዋሳት) ቁጥር ያሠሩ። ከኢንዛይሞቹ፣ ከፕሌትሌቱና ከዕድሜዎ ተሰልቶ ጠባሳ ስለመኖሩ ግምት ይገኛል። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሆድዎ ውኃ ከቋጠረ፣ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ውጤት ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ።

ልብስ ሻጭ ነዎትና ሜትር አያጡም። ዛሬ እምብርትዎ ላይ ወገብዎን ይለኩና ቁጥሩን ከነቀኑ በሒሳብ ደብተርዎ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል ሲሄዱ ደብተሩን ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ።