ጎንደር በሳይክል፣ በተማሪ ኪስ

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ የባሕር ዳር ተማሪዎች ነን። በጥር እረፍታችን በሳይክል ጎንደር፣ ከዚያ ጎርጎራ ደርሰን ለመመለስ አስበናል። ሳይክሎቻችን ማርሽ የሌላቸው ባለ 28 ናቸው። ገንዘባችን ጥቂት ስለሆነ የአልጋ ላለመክፈል ጎንደርን በአንድ ቀን ልንገባ አቅደናል። ያዋጣል?

መልስ፦ ጉዞው ያዋጣል፤ አንድ ቀኑ ግን አያዋጣም። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃ የተጫነ ማርሽ አልባ ሳይክል በሜዳ ላይ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ዳገቱንና ምሳውን ሳንቆጥር እንኳ ከ12 እስከ 15 ሰዓት ፔዳል መምታት ሊሆንባችሁ ነው፤ በጥር ደግሞ የቀኑ ብርሃን ራሱ 12 ሰዓት አይሞላም። የአልጋውን ብር አድናችሁ በጨለማ ከአይሱዙ ጋር መንገድ መጋራት ቁጠባ አይባልም።

በሦስት ቀን ክፈሉት። የመጀመሪያው ቀን በሐሙሲትና በወረታ አድርጎ አዲስ ዘመን ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፎገራ ሜዳ ስለሆነ ርቀቱ አያስፈራም። እግር ከከበደ ወረታ ማደር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ጉዞው ወደ አራት ቀን ይሄዳል። ሁለተኛው ቀን ከአዲስ ዘመን በእንፍራንዝ አድርጎ ማክሰኚት ነው፤ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከመጀመሪያው ቀን ይከብዳል፤ ዳገቱ እዚህ ነው። ወርዶ መግፋት ነውር የለውም፤ ሁለት ሰዓት ለመግፋት ብቻ መድቡ። ሦስተኛው ቀን በአዘዞ በኩል ጎንደር መግባት ነው፤ የቀረው 45 ኪሎ ሜትር ቢሆንም መጨረሻው አቀበት ስለሆነ ለከሰዓት አታቆዩት። ከጎንደር ጎርጎራ በቆላ ድባ በኩል 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሄዱ በጥቅሉ ወደ ሐይቁ መውረድ ስለሆነ ያታልላል፤ ሲመለሱ ያው ቁልቁለት አቀበት ሆኖ ይጠብቃል። ከጎርጎራ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ለመሻገር ካሰባችሁ፣ ሳትነሱ በፊት ባሕር ዳር ወደብ ሄዳችሁ ዕለቱንና ሳይክል መጫኑን ጠይቁ። መመለሻችሁን ግን በእሷ ላይ ብቻ አታንጠልጥሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑ። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ማታ መናኸሪያ ወርዳችሁ የሚኒባስ ሾፌሮችንና ረዳቶችን ጠይቁ። ባደራችሁበት ከተማም በየጠዋቱ ድገሙት። ሚኒባስ ያልወጣበትን መንገድ ሳይክል አይውጣበት። መታወቂያ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ኬላ ላይ ከሩቅ ወርዳችሁ ሳይክሉን እየገፋችሁ ቅረቡ።

ቀኑንም አስቡበት። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በዚያ ሰሞን ጎንደር ውስጥ ርካሽ አልጋ መፈለግ በከንቱ መድከም ነው። ዘመድ ከሌላችሁ ከጥር 15 በኋላ ግቡ።

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የብር ቁጥር አንጽፍላችሁም። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው፤ የአንድ ቀን አልጋ፣ ሁለት ምግብ፣ ሁለት ሻይና ውሃ ደምሩ። በጉዞው ቀን አባዙት፣ የአንድ ቀን ትርፍ ጨምሩበት። በላዩ ላይ ከጎንደር የሚመልሳችሁን የሚኒባስ ሒሳብ የሳይክሉን ጭነት ጨምሮ ለብቻው አስቀምጡና አትንኩት፤ ይህ ገንዘብ ከሌለ ጉዞው አልታቀደም ማለት ነው። ሁለት ወንድ በአንድ አልጋ የማያስተኙ ቤቶች ስላሉ ሁለት አልጋ ብላችሁ አስሉት። ምድር ቤት ክፍል ጠይቁ፤ ሳይክሉ አብሯችሁ ይደር።

አሁን ወደ ሳይክሉ። አዲስ ሳይክል አትግዙ፤ ገንዘቡን የኋላ ጎማው ላይ አውሉት። ጭነቱም የሰው ክብደትም የሚያርፈው እዚያ ነው፤ መንገድ ላይ የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጎማ ሽቦ ነው፤ በተለይ በካቴናው በኩል ያለው። ሳይክሉን ገልብጡና ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን በጣት እየጨበጣችሁ ዙሩ። አንዱ ከጎረቤቶቹ ከላላ ሠሪ ቤት አስጠብቁት። አንድ ሽቦ ሲላላ ሥራው ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፤ ጎረቤቱም በተራው ይበጠሳል። በልኩ የተቆረጠ አራት ሽቦ ከሳይክሉ አካል ጋር በፕላስተር አስራችሁ ያዙ።

ለዳገቱ ትልቁ መፍትሔ የኋላውን ጥርስ መቀየር ነው። ፊት 44፣ ኋላ 18 ጥርስ ያለው ባለ 28 ሳይክል በአንድ የፔዳል ዙር ወደ 5.4 ሜትር ይሄዳል፤ ኋላውን 22 ብታደርጉት 4.4 ሜትር ይሆናል። ሜዳው ላይ ትንሽ ትዘገያላችሁ፣ ዳገቱ ላይ ግን ጉልበት ይተርፋችኋል። ካቴናው ሁለት ዓይን ስለሚያጥር መቀጠያውን አብራችሁ ግዙ። ካቴናው ካረጀ ግን አዲሱን ጥርስ ይበላዋል፤ ሁለቱን አብሮ መቀየር ይሻላል።

የፔዳሉ ክንድ በሽብልቅ የተያዘ ከሆነ ከሁሉ በላይ እሱን ጠብቁ። በየዙሩ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ላልቷል። ዳዶውን ብቻ ማጥበቅ አያዋጣም፣ የሽብልቁን ጥርስ ይበላዋል። ክንዱን ከታች በወፍራም እንጨት ደግፋችሁ ሽብልቁን በመዶሻ ምቱ፣ ከዚያ ዳዶውን አጥብቁ። አዲስ ሽብልቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደበት በኋላ እንደገና መመታት አለበት። ላልቶ እየተነዳ ከቀጠለ ክንዱ ራሱ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ሽብልቅ አይዘውም።

ጭነት ለአንድ ሰው ከ10 ኪሎ አይለፍ፤ ውሃ ሳይጨምር። ጀርባ ላይ የሚታዘል ሻንጣ መቀመጫን ያቆስላል፣ ወገብ ይሰብራል። ሁለት ባለ 10 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አፋቸውን በሰፊው ቆርጣችሁ ከኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ በካላማዳሪ (በውስጠኛው ጎማ) ቁራጭ እሰሯቸው፤ ዋጋቸው ቀላል ነው። ግራና ቀኙ እኩል ይመዝን፣ ተረከዝም አይንካቸው።

ጥያቄ፦ ጎማዬ በተለጠፈ ማግስት ደግሞ ይተነፍሳል። ጎሚስታ ሌባ ነው ወይስ ጎማው?
(ከሽምብጥ)

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ እሾሁ ነው፤ ካላማዳሪው ይለጠፋል፣ እሾሁ ግን ከውጭኛው ጎማ ውስጥ እንደተሰካ ይቀራል። ካላማዳሪውን ስታወጡ ቫልቩ በጎማው ላይ የት እንደነበር ምልክት አድርጉ። ቀዳዳውን ካገኛችሁ በኋላ በዚያው ልክ ጎማውን ትፈትሻላችሁ። በጣት ሳይሆን በጨርቅ ዳስሱ፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾህ አለ።

የቀዳዳው ቦታም ይናገራል። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከሆነ እሾህ አይደለም፤ ነፋሱ አንሶ ካላማዳሪው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጧል። በቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦ ጫፍ ወግቶታል፤ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቀለበት ቆርጣችሁ ቸርኬውን አልብሱት። ቫልቩ ሥር ከሆነ አይለጠፍም፣ ይጣል።

ሲለጠፍ ደግሞ ችኮላ ነው የሚያበላሸው። በሸካራ ወረቀት አሻክሩ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጣት እስከማይዝ ድረስ 5 ደቂቃ ያህል አድርቁ፤ ከዚያ ተጫኑት። ርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ፓች በፀሐይ ይንሸራተታል። ጎሚስታ በየከተማው አለ፣ በከተሞቹ መካከል ግን የለም። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ መንፊያና ማውጫ ብረት ይያዙ፤ መንገድ ላይ ቀይራችሁ ማታ ብትለጥፉ ይሻላል። ብረት ከሌለ ካቻቢቴ አትጠቀሙ፣ ካላማዳሪውን ይቀዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር በሳይክል ጣናን ተከትሎ ሊሄድ ነው። ስለ ምግቡና ስለ ውሃው ተጨንቄአለሁ፤ ምን ላሲዘው?

መልስ፦ እናታችን፣ ስንቁ ቤትዎ አለ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ መንገድ ከየትኛውም የሱቅ ብስኩት ይሻላሉ። አንድ ኪሎ በሶ ከስኳርና ከትንሽ ጨው ጋር አደባልቀው በአራት ከረጢት ይክፈሉለት፤ አንዱን ከረጢት በአንድ ቀን ይጨርስ፤ ምሳና እራቱን ከመንገድ ሽሮ ይበላል። ውሃ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ያስፈልገዋል፣ 3 ሊትር ሁልጊዜ ሳይክሉ ላይ ይኑር። የጉድጓድ ወይም የወንዝ ውሃ ከሆነ 3 ደቂቃ ይንተክተክ፣ አለዚያ በማከሚያ ጠብታ በመመሪያው ልክ ይታከም። ተቅማጥ ከያዘው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቀስ እያለ ይጠጣ። ጨውን ማብዛት ይጎዳል።

ጥብቅ አድርገው የሚነግሩት ሁለት ነገር ነው። በላብ ተጠምቆ ሐይቁ ዳር እንዳይዋኝ፤ ቢልሃርዚያ ያለበት ውሃ ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ ይወጋል። መታጠብ ካለበት ተቀድቶ ሁለት ቀን የቆየ ወይም የፈላ ውሃ ይጠቀም። ሁለተኛው ወባ ነው፤ አጎበር ከልብሱ ጋር ይታሸግ። ጉዞውን ከጀመረ ከሳምንት በኋላ፣ ቤት ከተመለሰ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን፣ ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር፤ ጉንፋን ነው ብላችሁ አታሳድሩት።

ውሻ ካባረረው ፍጥነት አይጨምር፤ ወርዶ ሳይክሉን በመሃል ያድርግ። ከነከሰው ቁስሉን በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥያቄ፦ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው ያለኝ። የት ልሂድ?

መልስ፦ ጢስ ዓባይ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 60 ይሆናል። ለጎንደር የሚዘጋጁትም ሳምንት ሲቀራቸው ሙሉ ጭነታቸውን ጭነው ይህንኑ ይሂዱ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ውጡ፣ ሲመለሱ ሽብልቁንና የኋላ ሽቦውን ፈትሹ፤ መጫኛውን የያዙት ቡሎኖች ላልተው ከሆነ በእያንዳንዱ ላይ ሁለተኛ ዳዶ ጨምሩበት።