ሰው ተገድሎ እንዴት ያስቃል?

ስለ አስቂኝ የግድያ ምስጢር ልቦለዶች «ሰው የተገደለበት ታሪክ እንዴት ያስቃል? ለምንስ ሁሌ ትንሽ ከተማ?» ላልከው። (አንተ ስልህ አትቀየም፣ የድሬ ልጅ አንቱታ አይሆንለትም።)

ሳቁ ከሟቹ አይመጣም። እነዚህ መጻሕፍት ደሙን በሁለት መስመር ያልፉታል። ሟቹም ብዙ ጊዜ ማንም የማያለቅስለት ስግብግብ ነው። የሚያስቀው ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ነው። ፖሊሱ ደብተሩን ይዞ ሲንከራተት፣ ሰፈሩ ነገሩን ቡና ላይ ጨርሶታል። የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ ገጸ ባሕርይ ሚስ ማርፕል በረጅም ልቦለድ መጀመሪያ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ሹራቧን እየሠራች ገዳይ የምትይዝ አሮጊት ናት። ሽጉጥ የላትም፤ የመንደሯን ሰው አመል ግን አብጠርጥራ ታውቃለች።

ትንሽ ከተማ የሆነበት ምክንያት ደግሞ፣ የሐረሩን ጀጎል አስበው። ሁለት ሰው ሳይነካካ የማይተላለፍበት መንገድ ሞልቷል። ማን መቼ እንዳለፈ የማያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ካሜራና የጣት አሻራ ምን ያደርጋል? «ሰውዬው ሁሌ አራት ሳንቡሳ ነበር የሚገዛው፤ ከማክሰኞ ወዲህ ሁለት ብቻ» ያለች ሳንቡሳ ሻጭ ትበቃለች። በቃ፣ አብሮት የሚበላው ሰው የት ሄደ?

አንባቢም ተጠርጣሪዎቹን በስም ስለሚያውቃቸው አብሮ ይገምታል። እኔ ገዳዩን ሳውቅ እንኳ አላቆምም፤ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉ መስማት አለብኝ።

ሁሉም ጥሩ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ድመትና ኬክ የሚበዛባቸው፣ ፍንጩን መጨረሻ ላይ ከኪስ የሚያወጡ አሉ። እነሱን ዝለላቸው። ለመጀመሪያ አጫጭር ታሪኮችን ሞክር።