ልጄ በአንድ መስመር ያስቃል፤ እኔስ?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ለፋሲካ ዋዜማ ሚኒባስ ጣራ ላይ የታሰረ በግ አየሁና ፎቶ አነሳሁት። አንገቱን ቀና አድርጎ መንገደኛውን ግራ ቀኝ ያያል። የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለበዓል የተገዛ በግ በታክሲ ጣራ ሲጓዝ፤ በጣም ያስቃል» ብዬ ለጠፍኩት። ማንም አልሳቀም። ልጄ ያንኑ ፎቶ ወስዶ «አማቶቼ ፋሲካን እኛ ጋ ነህ ሲሉኝ» ብሎ ጻፈበት። ምራቴ ሳትቀር በሳቅ ፈረሰች። የኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ፎቶውስ ሸጋ ነበር። ጽሑፉ ነው ያበላሸው። በዓይናችን ያየነውን መልሰው ነገሩን። «በጣም ያስቃል» ሲሉማ ሊስቅ የነበረውም ተወው።

ልጅዎ የጻፈውን እስቲ ልብ ይበሉ። «በግ» አላለም። «ቢላዋ» አላለም። ጽሑፉ ለብቻው ተራ የግብዣ ወሬ ነው፤ ፎቶውም በየበዓሉ የምናየው ነው። ሲገናኙ ግን በጉ ሰው ሆነ። ተጋብዞ፣ ደስ ብሎት፣ ከተማውን እያየ ይሄዳል። የሚጠብቀውን እኛ እናውቃለን፤ እሱ የለበትም። ያቺን ማንም ሳይነግረን ራሳችን ደረስንባት፤ ሳቁም የመጣው ከዚያ ነው። ሰምና ወርቅ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። እኔ ሚምን፣ ማለትም ሰዎች ቀልድ ጽፈውበት የሚቀባበሉትን እንዲህ ያለ ፎቶ፣ ያን ያህል አላከብረውም፤ ግን መምህሩ እርስዎ ነዎት፣ አልከራከርም።

ሌላም ዓይነት አለ። ከፍቅረኛው ጋር እየሄደ ዞሮ ቀይ የለበሰች ሴት የሚያየውን ወጣት ሳያዩት አልቀሩም። አንቶኒዮ ጊየም የተባለ ፎቶ አንሺ ነው በፈረንጆቹ 2015 ስፔን፣ ጂሮና ውስጥ ለሽያጭ ያነሳው። ዓለምን ያዳረሰው ግን በ2017፣ ሰዎች በሦስቱ ላይ ስም እየለጠፉ ሲቀባበሉት ነው። እዚህ ላይ ዋናው ቃሉ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ወንዱ ላይ «ደመወዜ»፣ ፍቅረኛው ላይ «የቤት ኪራይ»፣ ቀይዋ ላይ «አዲስ ስልክ» ብለው ይጻፉ። ገባዎት? አሁን ኪራዩንና ስልኩን ያለዋውጧቸው። ስልኩን ትቶ ኪራይ ኪራይ የሚል ደመወዝ ሆነ። እኔ እንዲህ ያለ ደመወዝ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ለሚቀጥለው በዓል ከመለጠፍዎ በፊት ፎቶውን በእጅዎ ሸፍነው ጽሑፉን ያንብቡት። ለብቻው ሁሉን ከተናገረ ይሰርዙት። «ያስቃል» የምትለዋን ግን ሳይሸፍኑም ቢሆን ያውጧት።