ለሱሉልታና ለሰንዳፋ ልጆች፦ ውድድር ሲደርስ ስለምትበሉት

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

አብዛኞቻችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ባዶ ሆዳችሁን ልምምድ ትወጣላችሁ። ለቀላል ሩጫ ይሁን። ውድድር ግን እንዲህ አይገባም። ተኝታችሁ ስታድሩ ጡንቻ ያጠራቀመው ስኳር ብዙም አይነካም፤ የጉበቱ ግን በእጅጉ ይቀንሳል፤ የደምን ስኳር የሚጠብቀው ደግሞ የጉበቱ ነው።

ከቁርሱ በፊት ዋዜማው አለ። ለ10 ኪሎ ሜትር የተለመደው እራት ይበቃል። ለማራቶን ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት፣ በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታችሁ 10 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት (ሰውነት ወደ ስኳር የሚለውጠው የምግብ ክፍል) ያስፈልጋችኋል። 55 ኪሎ ለሚመዝን 550 ግራም መሆኑ ነው። ሲነገር ቀላል ነው፣ ሳህን ላይ ሲቀርብ ግን ብዙ ነው፦ ሳይቀቀል 200 ግራም ሩዝ፣ 300 ግራም ነጭ ዳቦ፣ ግማሽ ኪሎ ድንች፣ አራት ሙዝና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ሁሉም በአንድ ቀን። አራት አምስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ብሉት። ሚዛን ላይ 1 ወይም 2 ኪሎ ብትጨምሩ አትደንግጡ፤ ጡንቻ አንድ ግራም ስኳር ሲያከማች ወደ 3 ግራም ውኃ አብሮ ይይዛል።

ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ቆሎ ለዋዜማ አይሆኑም፤ መጥፎ ምግብ ሆነው ሳይሆን ሆድ ስለሚነፉና አንጀት ስለሚያሯሩጡ ነው። ክትፎማ ጭራሽ! ቅባቱ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ጥሬነቱም በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ሥጋ ያምራችሁ እንደሆነ ከውድድሩ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ውድድሩ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ብሉ። 100 ግራም ዳቦ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ከአንድ ሙዝ ጋር 110 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይሰጣል፤ ለ55 ኪሎ ሯጭ ደህና ቁርስ ነው። ገንፎ የለመደ ይብላ፣ ግን ቅቤና በርበሬውን ትቶ በማር። በሶም ቀጠን ተደርጎ ይጠጣል፣ ሆዳችሁ ከለመደው ብቻ። ውኃ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ዳቦው፣ ማሩና ሙዙ የጾም ናቸው፤ ሰዓቱን በተመለከተ ግን ከንስሐ አባታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሩጫው ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ መሀል ላይ መብላት አያስፈልግም። ማራቶን ላይ ግን በሰዓት 60 ግራም ስኳር ያህል ይፈለጋል፤ በደንብ የለመደ ሆድ እስከ 90 ይችላል። አንጀት ግሉኮስ የተባለውን የስኳር ዓይነት በሰዓት ከ60 ግራም ብዙም አያሳልፍም፤ ፍሩክቶስ የተባለው ሌላው ስኳር ግን በሌላ መንገድ ስለሚገባ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይጨምራል። የቤታችን ስኳር ደግሞ ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው።

አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ላይ 80 ግራም ስኳር (20 የሻይ ማንኪያ፣ ልክ ልኩን)፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። በየ5 ኪሎ ሜትሩ ካለው የመጠጥ ጠረጴዛ 200 ሚሊ ሊትር ከጠጣችሁ የሰዓቱ ድርሻ ይሞላል። «ይወፍር» ብሎ ስኳር የጨመረ፣ ወይም ወፍራም የማንጎ ጁስ የያዘ ግን ሆዱን ይቆርጠዋል፤ የወፈረ መጠጥ ከሆድ ቶሎ አይወርድም፣ አንጀት ውስጥም ውኃ ይስባል። ንጹሕ ውኃ ብቻ ያለ ልክ መጠጣትም የደምን ጨው አቅጥኖ እስከ ራስን መሳት ያደርሳል።

በብዛት የማየው ጥፋት ግን ሌላ ነው፦ «ደህና ነኝ» ብሎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጠረጴዛዎች ማለፍ። ድካሙ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲመጣ የሚጠጣው ስኳር ያመለጠውን አይተካም።

ይህን ሁሉ የምትሞክሩት ሰንዳፋ አስፋልት ላይ በሳምንታዊው ረጅም ሩጫ ነው። በሰዓት 30 ግራም ጀምራችሁ በሳምንታት ውስጥ ወደ 60 አሳድጉት፤ አንጀትም እንደ እግር ይሠለጥናል። ጓደኛችሁ መንገድ ዳር ጠርሙስ ይዞ ይቁምና በውድድር ፍጥነት ማንሳትን ተለማመዱ፤ መያዣው ሰፊ ካልሆነ ከእጅ ያመልጣል። ከሩጫው በፊትና በኋላም ተመዘኑ። የሱሉልታ ብርድና ደረቅ አየር ጥም አያሰማም፣ ላብና ትንፋሽ ግን ውኃ ይወስዳል። 55 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ ከ1.1 ኪሎ በላይ ከቀነሰ የጠጣው አንሷል ማለት ነው። ውድድሩ ሞቃት ቆላ ከሆነ ደግሞ ላቡ ከዚህ ስለሚበልጥ፣ እዚያ ስትደርሱ እንደገና ተመዘኑ።

ስም የሌለው፣ በፌስታል የሚሸጥ «የጉልበት ዱቄት» ቢያመጡላችሁ አትንኩት። በፀረ ዶፒንግ ሕግ ሰውነታችሁ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ሻጩ ሳይሆን እናንተ ናችሁ፤ «አላወቅኩም» ማለትም ነጻ አያወጣችሁም።