«በሂደት ላይ» የሚለውን ቃል ተጠንቀቁ

ልጆቼ፣

በስኳር ፋብሪካ የጥገና ክፍል ከመካኒክነት ተነሥቼ እስከ ክፍል ኃላፊነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። እናንተ ዛሬ በየፋብሪካው፣ በየሆስፒታሉና በየሕንፃው የጥገና ሥራ ስትጀምሩ የሥራ ትእዛዝ በስልካችሁ ይደርሳችኋል። በእኛ ጊዜ ካርቦን የገባበት ባለ ሦስት ቅጂ ወረቀት ነበር። መሣሪያው ይለወጥ እንጂ፣ ሥራው የት እንደ ደረሰ ለማመልከት ከትእዛዙ ጎን የምትጽፏት አንዲት ቃል ያኔም ዛሬም ያው ናት። ስለ እርሷ ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

አስቀድሜ የምፈራውን ቃል ልናገር፤ «በሂደት ላይ»። በመሥሪያ ቤቶቻችን ይህ ቃል ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን ታውቁታላችሁ። ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶም፣ ጠፍቶም፣ ገና ሳይነካም በሂደት ላይ ነው ይባላል። ባለጉዳይን ያመላልሳል። በጥገና ቤት ግን ሰው ያቃጥላል።

ወጣት መካኒክ ሳለሁ እንፋሎት ለሚያመነጨው ቦይለር ውኃ የሚመግቡ ሁለት ፓምፖች ነበሩን፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተጠባባቂ ነው። አገዳ በሚፈጭበት ወቅት የተጠባባቂው ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉ የሚሽከረከርበት ክፍል፣ ይጮኻል ተብሎ የሥራ ትእዛዝ ተሰጠኝ። ኩሽኔታውን ቀየርኩ፤ ቧንቧው ከፓምፑ ጋር በቡሎን የሚገጠምበትን የፍላንጁንም ማሸጊያ በአዲስ ተካሁ። ቡሎኖቹን ግን በእጄ ብቻ አስይዤ ሳለ ፈረቃዬ አለቀ። ጠዋት በቁልፍ አጠብቃቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ቫልቮቹን ዘግቻለሁ፤ መቆለፊያና የማስጠንቀቂያ ካርድ ግን አላደረግኩባቸውም። በመዝገቡ ላይ «ኩሽኔታ ተቀይሯል፤ በሂደት ላይ» ብዬ ፈረምኩና ወጣሁ።

ሌሊት የሚሠራው ፓምፕ ቆመ። እሳት ያለበት ቦይለር ውኃ ሲጎድልበት ብዙ አይታገሥም። ተረኛው እየሮጠ መዝገቡን ገለጠ፤ ኩሽኔታው መቀየሩን አነበበ፤ የቀረው ጥቃቅን ነገር መስሎት ቫልቮቹን ከፍቶ ፓምፑን አስነሣው። ከፍላንጁ የወጣው የፈላ ውኃ እግሩን ከጉልበቱ በታች ላጠው። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛ። በማግስቱ ያ ገጽ ፊቴ ተዘርግቶ ሲቀርብ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር። ኩሽኔታው በእርግጥ ተቀይሯል፤ ሥራውም በእርግጥ በሂደት ላይ ነበር። ያጎደልኩት ያ ሰው በዚያች ደቂቃ ሊያውቀው የሚገባውን አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከዓመታት በኋላ በሰሜን ባሕር ስለነበረው ፓይፐር አልፋ የተባለ የነዳጅና የጋዝ ማውጫ መድረክ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሰኔ 29 ቀን 1980 ዓ.ም. የአንዱ ፓምፕ የግፊት መከላከያ ቫልቭ ለጥገና ተፈታ፤ ሥራው በዚያው ቀን ስላላለቀ ቫልቩ የነበረበት ቀዳዳ በክዳን ተሸፈነ። ምሽት ላይ ሁለተኛው ፓምፕ ቆመ። ተረኞቹ የመጀመሪያውን ለማስነሣት የጥገና ሥራ ፈቃድ ወረቀቶቹን ፈለጉ። የፓምፑን አጠቃላይ ጥገና የሚመለከተውን አገኙ፤ ያ ሥራ ገና አልተጀመረም ነበር፤ ስለዚህ ፓምፑ ደኅና ነው አሉ። ቫልቩ መፈታቱን የሚናገረው ሌላው ወረቀት ሥራው በመቋረጡ ምክንያት በሌላ ቢሮ ተቀምጦ ነበር። ፓምፑ ሲነሣ ጋዝ ከክዳኑ ሥር አፈተለከ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ መድረኩ ፈነዳ። 167 ሰዎች ሞቱ። በስኮትላንዳዊው ዳኛ በሎርድ ከለን የተመራው ምርመራ 106 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ፤ የሥራ ፈቃድ ወረቀትና የፈረቃ ርክክብ ከዋነኞቹ ጉዳዮች መካከል ነበሩ። እነዚያ ሠራተኞች ሰነፎች አልነበሩም። የተቋረጠው ሥራ መቋረጡ በሚያስፈልገው ሰው ዓይን ፊት አልነበረም፤ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሥራ ሲቆም «ቆሟል» በሉና ለምን እንደቆመ፣ ማሽኑ በምን ሁኔታ እንደተተወ፣ ማን እንደሚመለስበት ጻፉ። ሥራ ይቆማል፤ መቆሙ ነውር የለውም። በአገራችን ደግሞ ከማንኛውም ምክንያት ይልቅ መለዋወጫ ያቆመዋል። «መለዋወጫ በመጠበቅ ላይ» የሚለውን ምልክት አትናቁት። ባንክ ለውጭ ግዢው ኤልሲ፣ ማለትም የክፍያ ዋስትና፣ እስኪከፍት ይሁን፣ ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሁን፣ ጉምሩክ ይሁን፣ ከእነ ቀኑ አስፍሩት። በክረምት ፋብሪካው ቆሞ ዓመታዊ ጥገና ስናደርግ በመቶ የሚቆጠር ሥራ በአንድ ጊዜ ይከፈት ነበር፤ ሥራው በዘገየ ቁጥር የሚወቀሰው መካኒክ ነው። የቆመበትን ምክንያትና ቀን መጻፍ ስንጀምር የዘገየው የሰው እጅ አለመሆኑ ታየ፤ ለሚቀጥለው ዓመት መለዋወጫ ቀድሞ እንዲታዘዝ የጠየቅነውም ያን ዝርዝር ይዘን ነው። ያን ቀን ያገኘነው መልስ እስከ ዛሬ ያስደስተኛል።

«አልቋል» እና «ተዘግቷል» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያውን የሚለው የሠራው ሰው ነው። ሁለተኛውን የሚለው ማሽኑን ተረክቦ፣ አስነሥቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ሙቀቱን ዳስሶ የፈረመው ነው። ሁለቱን በአንድ እጅ አትጻፏቸው። ሌሎቹን ምልክቶች እንደ ቤታችሁ አሠራር አድርጓቸው፤ አምስት ይሁኑ ስድስት፣ ቀለማቸው ምንም ይሁን፣ ሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ትርጉም ከሰጣቸው ይበቃል። ሃያ ምልክት ያለው ሠንጠረዥ አይቻለሁ፤ ከሦስቱ በቀር የሚነካው አልነበረም።

ነገ ኃላፊ ለምትሆኑት ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። «ቆሟል» ብሎ የጻፈውን ሠራተኛ በስብሰባ ላይ አታሳፍሩት። እኔ ኃላፊ በሆንኩ ሰሞን አድርጌዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ የቆመ ሥራ አልነበረም፤ ሁሉም «በሂደት ላይ» ሆኖ ነበር። ሥራው አልተራመደም፤ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው። ሠራተኞቼን ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እንደገና እውነቱን እስኪጽፉልኝ ድረስ ግን ብዙ ወራት ፈጀ።

ያ የተቃጠለው ባልደረባዬ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ሌሊት ፈረቃ ሲመለስ የማስረክበው እኔ ነበርኩ። በዚያ ምሽትም አንድ ያላለቀ ሥራ ነበረኝ። ካርዱን እንዲህ ብዬ ጽፌ ማስነሻው ላይ በሽቦ አስሬው ነበር፤ «ቆሟል። ቺንጋው ወጥቷል፤ መሸፈኛው መሬት ላይ ነው። አይነሣ። ጠዋት እኔ እመለስበታለሁ።» መዝገቡን ልሰጠው እጄን ስዘረጋ አልተቀበለኝም። «መጀመሪያ እንየው» አለኝ። በዝግታ እያነከሰ ከፊቴ ሄደ፤ በባትሪ መብራት ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ሽቦውን ስቦ መጥበቁን አየ፣ ከዚያ በኋላ ፈረመልኝ።