ሳምንቱን ሳታጣሩ በኪሎው አትፍረዱ

ማዋለጃ ክፍል አዲስ ለገባችሁ አዋላጆችና ኢንተርን ሐኪሞች፤

2,400 ግራም የምትመዝን ሴት ልጅ ተወለደች እንበል። ከ2,500 በታች ስለሆነች መዝገቡ ላይ «ዝቅተኛ የልደት ክብደት» ተብላ ትሰፍራለች። በ35 ሳምንት የተወለደች ከሆነ ግን ክብደቷ ለዕድሜዋ ደህና ነው፤ ያለጊዜዋ በመወለዷ ትንፋሿን፣ ሙቀቷንና አጠባቧን ተከታተሉ። በ40 ሳምንት ከሆነ ከ3ኛው ፐርሰንታይል በታች ናት፣ ማለትም ከመቶ እኩዮቿ በክብደት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ውስጥ ናት፤ ማህፀን ውስጥ እድገቷ ተጓትቷል ማለት ነው፤ ቶሎ ትጥባ፣ የደም ስኳሯም ይለካ።

ይህን የሚለየው በእርግዝና ሳምንትና በጾታ የተዘጋጀው ሰንጠረዥ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተርግሮውዝ-21 መለኪያ ኬንያን (ናይሮቢን) ጨምሮ በስምንት አገሮች ጤናማ እናቶች በወለዷቸው ሕፃናት ላይ የተሠራ ነው፤ ከ33 ሳምንት ይጀምራል፣ ከዚያ በፊት ለሚወለዱት ሌላ ሰንጠረዥ አለው። የወንዱን ገጽ ለሴት አትጠቀሙ፦ በ40 ሳምንት 2,820 ግራም የሆነ ወንድ ከ10ኛው ፐርሰንታይል በታች ሲውል፣ ሴቷ ከመስመሩ በላይ ናት።

ስህተቱ የሚበዛው ግን ሳምንቱ ላይ ነው። ከ14 ሳምንት በፊት የተነሳ አልትራሳውንድ ካለ እድለኞች ናችሁ። ከሌለ እናትየዋ «የጥር ሚካኤል ዕለት ነው ያየሁት» ትላችኋለች፣ የመጨረሻ የወር አበባዋን ማለቷ ነው፤ ይህ ጥሩ መረጃ ነው፣ አትናቁት። በእኛ አቆጣጠር 9 ወር ከ10 ቀን ደምሩ፤ መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች ግን 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች 9 ወር ከ4 ቀን። ጥር 12 ቀን 2017 ያየች እናት የመውለጃ ቀኗ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ነው። ጳጉሜን የረሳ ሰው የሕፃኑን ዕድሜ በ5 ቀን ያሳንሳል፤ በሳምንት ከሚያንሱት ቀላሎች ጋር ስለሚያወዳድረውም የከሳው ልጅ ጤነኛ መስሎ ያልፋል። 36 ሳምንት ከ6 ቀንም 36 እንጂ 37 አይደለም፤ ወደ ላይ ማጠጋጋት ያለጊዜው የተወለደውን ጊዜው የደረሰ ያስመስለዋል።

ሚዛኑን ጨርቁን አንጥፋችሁ ዜሮ አድርጉት፤ ሕፃኑ ራቁቱን ይመዘን፣ ከእናቱ ገላ ላይ ግን ለዚህ ብላችሁ አትንጠቁት፣ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት እስኪሞላ ይቆይ። ግማሽ ቀን ግን አይለፈው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃን ከክብደቱ እስከ አስር በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ያነበባችሁትንም እንዳለ ጻፉ። መዝገቦቻችን በ2,500 እና በ3,000 የተሞሉት ሕፃናቱ እንዲያ ስለሚመዝኑ አይደለም፤ 2,480 ወደ 2,500 ሲጠጋጋ አንድ ክትትል የሚያሻው ልጅ ከዝርዝሩ ይወጣል።