ከሌላ ፎርም በወረሰው ልጁ ፎርም ላይ አልንቀሳቀስ ስላለው በተን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ ከጎንደር። ዛሬ መብራቱም አለ እኔም ፒያሳ ሱቄ ቁጭ ብያለሁ፣ በሲ ሻርፕ ዊንዶውስ ፎርምስ (የፕሮግራም መስኮት፣ ማለትም ፎርም፣ መሥሪያ) ለሱቅና ለፋርማሲ ፕሮግራም ስሠራ ስለኖርኩ አንዱን ፎርም ከሌላው ስለማውረስ የቸገራችሁን ወርውሩ። የሚወረሰውን ቤዝ ፎርም እናት፣ ከሱ የሚወርሰውን ልጅ እያልኩ ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ዋሉ፣ ልጁ ፎርም ላይ በተኖቹ ይታያሉ ግን ብጎትታቸው ንቅንቅ የለም፣ ፕሮፐርቲውም ሁሉ ግራጫ ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት ያው ነው።

መልስ፦ ውይ ልፋትህ! ምንም አልተበላሸም እኮ። ሲ ሻርፕ ላይ ዲዛይነሩ (ፎርሙን በማውስ የምንስልበት) እያንዳንዱን ኮንትሮል (በተንና የመሳሰለውን) ፕራይቬት (ለራሱ ፎርም ብቻ) አድርጎ ነው የሚፈጥረው፣ ልጁ ያየዋል እንጂ አይነካውም። እናቱን ክፈትና በተኑን መርጠህ ሞዲፋየርስ የሚለውን ፕሮቴክትድ (ለልጆቹም ክፍት) አድርገው፣ ከዚያ ሪቢልድ (ፕሮግራሙን እንደ አዲስ መገንባት)። ሪቢልድ ካላደረግህ ልጁ አሮጌውን ነው የሚያይ፣ እዚህ ላይ ስንቱ ሰው ነው ተስፋ የቆረጠው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉንም ፐብሊክ (ለማንም ክፍት) ባደርገውስ?

መልስ፦ ተው። እኔ አድርጌው አይቻለሁ። የአንዱን ደምበኛ የሽያጭ ፎርም ስሠራ ሴቭ በተኑን ሳላውቅ በማውስ ትንሽ ገፋ አድርጌው ኖሯል፣ ልጁ ፎርም ላይ የነካኸው ነገር ደግሞ እዛው ልጁ ኮድ ውስጥ ይጻፋል። ከወራት በኋላ እናቱ ላይ በተኑን ወደ ታች ሳወርደው የሌሎቹ ፎርሞች ሁሉ ወረደ፣ ያ አንዱ ብቻ ድሮ ቦታው ቀርቶ ጽሑፍ ላይ ተደርቦ ተገኘ፣ ግማሽ ቀን ፈለግሁት። መድኃኒቱ ሎኬሽን ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ሪሴት ማለት ነበር፣ ያን ጊዜ የእናቱን ይይዛል። ስለዚህ የምር የሚቀየረውን ብቻ ክፈት።

ጥያቄ፦ ዳታግሪድቪው (የሠንጠረዥ ኮንትሮል) ፕሮቴክትድ አደረግሁት፣ ሪቢልድም አደረግሁ፣ አሁንም ተቆልፏል።

መልስ፦ እሱ እህቴ አይከፈትም፣ ዲዛይነሩ ራሱ አይፈቅድም። ቱልስትሪፕም (የትንንሽ በተኖች መደዳ) እንደሱ ነው። እኔ እናቱ ላይ ባዶ ፓኔል (ሌላ ኮንትሮል የሚይዝ ሳጥን) ፕሮቴክትድ አድርጌ እተውና ግሪዱን በየልጁ እዛ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ካልሆነ ልጁ ኮንስትራክተር (ፎርሙ ሲፈጠር የሚሮጠው ኮድ) ላይ ከኢኒሻላይዝኮምፖነንት (ኮንትሮሎቹን ከሚፈጥረው ዲዛይነሩ የጻፈው ኮድ) በኋላ በኮድ አስተካክይው።

ጥያቄ፦ የማልፈልገውን በተን ልጁ ላይ ማጥፋት እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም። ቪዚብል ፎልስ አድርገውና ይደበቅ።

ጥያቄ፦ ልጁን ስከፍት ዲዛይነሩ ኤረር ብቻ ያሳየኛል፣ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ግን ደህና ነው።

መልስ፦ እናቱ ኮንስትራክተር ውስጥ ዳታቤዝ ትከፍታለህ አይደል? ዲዛይነሩ ልጁን ለመሳል እናቱን የምር ይፈጥራታል፣ ኮንስትራክተሯም ይሮጣል፣ ላፕቶፕህ ላይ ሰርቨሩ ከሌለ አለቀ። ዲዛይነር ውስጥ ነን ወይ ብለህ በዲዛይንሞድ ልታጣራ ብትሞክር ኮንስትራክተር ውስጥ ገና ፎልስ ነው የሚልህ፣ በሱ ፈንታ ላይሰንስማኔጀር ዩሴጅሞድን ጠይቀው። እናቲቱ አብስትራክት (ራሷ በቀጥታ የማትፈጠር) ከሆነችም እንደዚሁ እምቢ ይላል፣ መፍጠር ስለማይችል።

ጥያቄ፦ ጋሼ የመጨረሻ፣ ፕሪንት ስጫን ደረሰኙ ሁለት ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ወረቀት ጨረስኩ።

መልስ፦ ልጁ ላይ በተኑን ደብል ክሊክ አድርገህ ደግመህ ጽፈሃላ! የእናቱ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ቀጥሎ ያንተ። ክሊክ ላይ ያሰርከውን ከልጁ ኢቨንት ዝርዝር አውጣው፣ የእናቱን ሜተድ ፕሮቴክትድ ቨርቹዋል (ልጁ ሊተካው የሚችል) አድርገህ ልጁ ላይ ኦቨርራይድ አድርገው (በራስህ ተካው)፣ አንድ ብቻ ያትማል።